ክኒኑን ትቼ ጥቁር ቸኮሌት ብበላስ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 54 ነው። ግፊት አለብህ ተብዬ ላለፉት ሁለት ዓመታት አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም በቀን አንድ ስወስድ ቆይቻለሁ። ግፊቴን ይዞልኛል፤ ግን ከሰዓት በኋላ እግሬ ያብጣል፣ ጫማ እምቢ ይለኛል። በባዶ ሆዴ የተለካሁት ስኳር ደግሞ 116 ሆኖ ‹ጠንቀቅ በል› ብለውኛል። ልጄ ከዱባይ ስትመጣ 85 ከመቶ የሚል ጥቁር ቸኮሌት ይዛልኝ መጣች። የደም ሥር ይከፍታል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ይከላከላል የሚል ቪዲዮም አሳየችኝ። ክኒኑን ካቆምኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ከመቶ ግራሙ ቸኮሌት በቀን ግማሹን እበላለሁ። ትናንት ፋርማሲ ስለካ 134 በ86 ሆነ፤ ክኒኑን ስወስድ ከነበረው ምንም አልተለየም። በዚሁ ልቀጥል? በቀን ስንት ግራም ይበቃል? በጾምስ ይበላል?»

መልስ፦ መጀመሪያ ክኒኑ። ሐኪምዎ ያዘዙልዎትን አምሎዲፒን ዛሬውኑ በለመዱት ሰዓት ይውሰዱ። ያመለጡትን ቀናት ለማካካስ ብለው ግን ደርበው እንዳይውጡ፤ አንዷ ትበቃለች።

የትናንቱ 134 በ86 ቸኮሌቱ ያመጣው ውጤት አይደለም፤ በአብዛኛው ያው የክኒኑ ነው። አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ባቆሙ በአራተኛው ቀን ከአሥር አንድ እስከ ሩብ የሚሆነው መድኃኒት ገና ደምዎ ውስጥ አለ፤ ተጠርጎ እስኪያልቅ ከሳምንት በላይ ሊሄድ ይችላል። ክኒናቸውን ጥለው ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራው ወይም ቸኮሌት የጀመሩ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት «ሠራልኝ» የሚሉት በዚህ የተነሣ ነው። ግፊቱ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ሰውየው ተደስቶ መለካቱን ከተወ በኋላ ነው። ግፊት ደግሞ ሲመለስ አያንኳኳም፤ ራስ ምታት የለኝም ማለት ግፊት የለኝም ማለት አይደለም። በዚያ ላይ 134 በ86 ራሱ የሚያኮራ ቁጥር አይደለም። መድኃኒት ለሚወስድና ስኳሩ ድንበር ላይ ላለ ሰው አብዛኞቻችን ሐኪሞች የምንመኘው ከ130 በ80 በታች ነው።

አሁን ወደ ቸኮሌቱ። ልጅዎ ያሳየችዎት ቪዲዮ ከመሬት ተነሥቶ የተወራ ውሸት አይደለም፤ የተቆረጠ እውነት ነው። ቸኮሌት የሚሠራበት የካካዎ ፍሬ ፍላቫኖል በሚባሉ የዕፅዋት ውሁዶች የበለጸገ ነው። ከእነርሱም ኤፒካቴቺን የተባለው የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ አብዝቶ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥር ግድግዳ ዘና እንዲል የሚያዝ መልእክተኛ ነው። ይህን የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በቂ ፍላቫኖል ያለው ካካዎ የጠጣ ሰው ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ የክንዱ ደም ሥር ሲለካ የተሻለ ሲሰፋ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ነገሩን በዓለም ያስወራው የኩና ሕዝብ ታሪክ ነው። ኩናዎች በፓናማ ጠረፍ፣ ሳን ብላስ በሚባሉ ደሴቶች የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ ያጠናቸው በአንድ እንግዳ ነገር የተነሣ ነበር፦ ጨው ይበላሉ፣ ግን ዕድሜያቸው ሲገፋ ግፊታቸው አብሮ አይወጣም። ደሴቱን ለቀው ፓናማ ከተማ የገቡት ዘመዶቻቸው ግን እንደ ማንኛውም ከተሜ ግፊት ይይዛቸዋል። በደሴቱ ያሉት በየቀኑ ካካዎ በብዛት ይጠጡ ስለነበር ጣት ወደ ካካዎው ተቀሰረ። ይሁንና ከደሴት ወደ ከተማ የገባ ሰው የሚቀየርበት መጠጡ ብቻ ነው እንዴ? ዓሣው ይቀራል፣ መቅዘፉና መራመዱ ይቀራል፤ ኪራይና ጭንቀት ይመጣል። ገጠር ሳሉ ግፊት የማያውቃቸው የእኛም ሰዎች አዲስ አበባ ገብተው ምን እንደሚሆኑ እናውቃለን፤ እነርሱ ደግሞ ካካዎ የሚባል ቀምሰው አያውቁም። የኩናዎች ታሪክ «ይህን አጥኑ» የሚል ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ጥቆማው ተጠንቷል። ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በ2017 ካካዎ የግፊትን መጠን ይቀንስ እንደሆነ የፈተሹ 35 ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር ያገኘው የላይኛው ግፊት በአማካይ ከ2 ሚሊሜትር ላነሰ መጠን መውረዱን ነው፤ በትክክል 1.76። ግፊት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ቅናሹ ከፍ ብሎ ወደ 4 ደርሷል። ሙከራዎቹ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 18 ሳምንት የቆዩ አጫጭር ናቸው፤ ለተሳታፊዎቹ በቀን የተሰጠው ፍላቫኖል ደግሞ በአማካይ 670 ሚሊግራም ነበር። ይህን አንድ የግፊት ክኒን በመደበኛ መጠኑ ከሚያወርደው ጋር ያስተያዩት፦ የላይኛውን 9 ገደማ። የካካዎው ውጤት ዜሮ አይደለም፤ ክኒን የሚያስጥል ግን አይደለም። በዚህ ላይ የብዙው ሰው ማሳሳቻ ይጨመራል፦ ሙከራው የተደረገው በፍላቫኖል ነው፣ እርስዎ የሚበሉት ግን ቸኮሌት ነው።

85 ከመቶ የሚለው ቁጥር የፍላቫኖል መጠን አይደለም። ከካካዎ ፍሬ የመጣው ሁሉ ተደምሮ ነው፤ ዱቄቱም፣ ስቡም። ፍላቫኖሉ ያለው በቡናማው ክፍል ነው እንጂ በስቡ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሁለት 85 ከመቶ የሚሉ ቸኮሌቶች አንዱ ስቡ በዝቶ፣ ሌላው ቡናማው በዝቶ፣ የፍላቫኖል መጠናቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። ከዚያ ደግሞ አሠራሩ አለ። ፍሬው ይቦካል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ፍላቫኖል ይቀንሳል። ከሁሉ የሚከፋው ምሬቱን ለመቀነስና ቀለሙን ለማጥቆር በአልካሊ (አሲድነትን በሚያጠፋ ውሁድ) ማጠብ ነው፤ ዘዴውን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቁት ሆላንዶች ናቸው። በ2008 በታተመ ልኬት ያልታጠበ የካካዎ ዱቄት በአንድ ግራም 34 ሚሊግራም ያህል ፍላቫኖል ሲኖረው፣ በቀላሉ የታጠበው ወደ 14፣ በኃይል የታጠበው ወደ 4 ወርዷል። ልብ ይበሉ፣ በጣም የጠቆረው ነው ያነሰው። «ይበልጥ ጥቁር፣ ይበልጥ ጤናማ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ተገልብጦ ይወድቃል።

ማሸጊያው ላይ የፍላቫኖል መጠን የሚጽፍ አምራች እምብዛም አያጋጥምዎትም፤ የሚያስገድደው ሕግም የለም። ተቆጣጣሪዎቹም የተናገሩት በጥንቃቄ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 በቀን 200 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል የደም ሥርን ልስላሴ ለመጠበቅ ይረዳል ማለት ይቻላል የሚል አስተያየት ሰጥቷል፤ ይህም 10 ግራም ቸኮሌት ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ገልጿል፤ ቸኮሌቱ ግን ፍላቫኖሉ እንዲጠበቅ ተብሎ በልዩ ሁኔታ የተሠራ መሆን አለበት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ደግሞ ቢያንስ 4 ከመቶ ፍላቫኖል ላለው የካካዎ ዱቄት ብቻ፣ «ማስረጃው በጣም ውስን ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አብሮ እንዲጻፍ አዝዞ ፈቀደ። ተራውን ቸኮሌት አልጨመረም። ማስታወቂያዎቹ ያነበቡልን የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

«ግፊቱን ተወው፣ ልብን ከድንገተኛ ሕመም ያድናል ወይ?» ለሚለው ትልቁ መልስ የመጣው በ2022 ነው። ኮስሞስ በሚባለው የአሜሪካ ጥናት ከ21 ሺህ በላይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል ያለው የካካዎ ካፕሱል፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ወሰዱ። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ተከታተሏቸው። ዋናው ጥያቄ ድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ የመሰሉ ችግሮች በጠቅላላ ይቀንሳሉ ወይ የሚል ነበር፤ የታየው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ያህል ትንሽ ሆነ። በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት ግን በካካዎ ቡድኑ 27 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ በጎን የተገኘ ስለሆነ ሌላ ጥናት ሳይደግመው መሐላ የሚፈጸምበት አይደለም። ከድጋፉ ከፊሉን የሰጠው የማርስ ቸኮሌት ኩባንያ ቅርንጫፍ መሆኑንም መጥቀስ ይገባል፤ ይህ ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፣ አንባቢውን ግን ንቁ ያደርገዋል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፦ በካፕሱሉ ውስጥ ስኳርም፣ ስብም፣ ይህ ነው የሚባል ካሎሪም የለም። ያንኑ 500 ሚሊግራም ከሱቅ ቸኮሌት ለማግኘት ስንት ግራም መብላት እንዳለብዎት ማንም ሊነግርዎት አይችልም፤ ብዙ እንደሆነ ግን ጥርጥር የለውም።

የማስታወስ ችሎታን ይጨምራል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፦ በዚሁ ጥናት ሥር ከ2 ሺህ በላይ አረጋውያን ለሦስት ዓመት ሲፈተኑ የካካዎው ካፕሱል ለውጥ አላመጣም።

ስኳር ይከላከላል የተባለው የመጣው በ2024 መጨረሻ ከታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ለአሥርት ዓመታት የሚበሉትን እየመዘገቡ ሲከታተሉ፣ በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የያዛቸው 21 ከመቶ ባነሰ መጠን ነው። የወተት ቸኮሌት የሚበሉት እንዲህ ያለ ጥቅም አልታየባቸውም፤ ይልቁንም ክብደት ጨምረዋል። ጥሩ ጥናት ነው፤ ግን ሰዎቹን ተመለከተ እንጂ አልሞከረባቸውም። መራራ ቸኮሌት የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ስኳር የማይወድ፣ ስፖርት የሚሠራ፣ ለጤናው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። አጥኚዎቹ ይህን በሒሳብ ለማስተካከል ይጥራሉ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይሳካም። በዕጣ የተከፈሉት የኮስሞስ ተሳታፊዎች ላይ ሲታይ ደግሞ የካካዎ ካፕሱል የስኳር በሽታን አልቀነሰም። ሁለት ዓይነት ጥናት ሲጋጭ እኔ የማምነው በዕጣ የከፈለውን ነው።

116 ማለት ገና በሽታ ያልሆነ፣ ነገር ግን ወደ በሽታው የሚያዘነብል ቁጥር ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ምን ቢያደርግ እንደሚያመልጥ በደንብ ይታወቃል። በ2002 በታተመው የአሜሪካ የስኳር መከላከያ ሙከራ ከክብደታቸው 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመራመድ የተነሡ ሰዎች በሽታው የያዛቸው 58 ከመቶ ባነሰ መጠን ነው። ታዲያ እርስዎ አሁን እያደረጉት ያለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጥቁር ቸኮሌት በመቶ ግራም 600 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በቀን ግማሹን ሲበሉ 300 ካሎሪ ይጨምራሉ። ከሌላው ምግብ ካልቀነሱ በወር አንድ ኪሎ ያህል ነው። አንድ ዓመት ሲቀጥል ሆድ ሆኖ ይቀመጣል፣ ስኳሩንም ግፊቱንም ይዞት ይወጣል።

በስኳር ይዘቱ በኩል ግን ለልጅዎ ምርጫ ምስጋና ይገባታል። 85 ከመቶ ካካዎ ከሆነ ስኳሩ ከ15 ከመቶ አይበልጥም፤ ግማሽ ቸኮሌት ላይ 7 ግራም አካባቢ፣ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ያነሰ። 50 ከመቶ በሚለው ቢሆን ይህ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር። ስቡንም አንዳንድ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራዋል። የካካዎ ቅቤ ሲሶ የሚሆነው ስቴሪክ አሲድ የተባለው ስብ ነው፤ የረጋ ስብ ቢሆንም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ አያደርግም። ሌላው ሩብ ያህል የሚሆነው ግን ያደርጋል። ስለዚህ «የሚያድን ስብ» የሚለውም «የሚገድል ስብ» የሚለውም ትርፍ ንግግር ነው፤ ችግሩ ካሎሪው ነው።

ቸኮሌት ያከሳል የሚል ቪዲዮም ሊደርስዎት ይችላል፤ መነሻውን ቢያውቁት ጥሩ ነው። በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ከጀርመን ፊልም ሠሪዎች ጋር ሆኖ፣ ሐሰተኛ የጤና ዜና በምን ያህል ቅለት እንደሚሠራጭ ለማሳየት ሆን ብሎ ደካማ ሙከራ ሠራ። ከ15 የማይበልጡ ሰዎች፣ ሦስት ሳምንት፣ ብዙ ልኬት። ብዙ ነገር ከለኩ አንዱ በአጋጣሚ «ውጤት» ሆኖ መውጣቱ አይቀርም። ወጣም፦ ቸኮሌት የበሉት ቶሎ ከሱ። ገንዘብ ተቀብሎ በሚያትም መጽሔት ላይ ታተመ፣ ጋዜጦች በፊት ገጻቸው አወጡት። ከዚያ ራሱ ተነሥቶ ቀልድ ነበር አለ። ማስተባበያውን የሰማው ግን ዜናውን ከሰማው ያንሳል፤ እስከ ዛሬም ይዞራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንባቢዎች ስለሚጠይቁኝ፦ ለደም ማነስ ብሎ ጥቁር ቸኮሌት መብላት ትርጉም የለውም። ብረት አለው፣ በመቶ ግራም 12 ሚሊግራም ገደማ፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ፖሊፌኖሎች (ፍላቫኖልም ከእነርሱ ወገን ነው) ራሳቸው ብረቱን አስረው ሰውነት እንዳይቀበለው ያደርጋሉ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ማግኒዥየም ፈልጎ ለሚበላም ጤፍ እያለን ምን አስኬደን? ጤፍ በመቶ ግራም ዱቄቱ ከ180 ሚሊግራም በላይ አለው፤ ዋጋው ደግሞ በስንት እጥፍ ያንሳል።

እውነተኛው ጥንቃቄ ግን ከባድ ብረቶቹ ላይ ነው። የካካዎ ዛፍ ካድሚየም የተባለውን ብረት ከአፈር ይስባል፤ በተለይ የላቲን አሜሪካ አፈር። እርሳስ ደግሞ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ከአቧራ ይገባል። ሁለቱም የሚገኙት በቡናማው ክፍል ስለሆነ ጥቁሩ ቸኮሌት ከወተቱ ይበልጣል፤ ጥሩውን ከያዘው ክፍል ጋር መጥፎውም አብሮ ይመጣል። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት በ2022 መጨረሻ 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን ሲመረምር በ23ቱ ላይ 28 ግራም ብቻ መብላት ከካሊፎርኒያ የቀን ወሰን በላይ እርሳስ ወይም ካድሚየም እንደሚያስገባ አገኘ። የካሊፎርኒያ ወሰን በጣም ጥብቅ ነው፤ ስለዚህ በአውሮፓው ሕግ አሰላልዎታለሁ። አውሮፓ ከ50 ከመቶ በላይ ካካዎ ባለው ቸኮሌት በኪሎ እስከ 0.8 ሚሊግራም ካድሚየም ይፈቅዳል። እዚህ ወሰን ላይ ካለ ቸኮሌት በቀን 50 ግራም ቢበሉ 40 ማይክሮግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ደግሞ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ እንዳያልፍ የሚመከረው በቀን 25 ነው። የእርስዎ ቸኮሌት ወሰኑ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ግን ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ከምንም በላይ ሊጠብቀው የሚገባ ዕቃ ኩላሊቱ ነው። ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች በየቀኑ ጥቁር ቸኮሌት ባይበሉ ይመረጣል፤ ምክንያቱ በተለይ እርሳሱ ነው።

ስለ ጾሙ። ንጹሕ ጥቁር ቸኮሌት ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም። ማሸጊያውን ገልብጠው ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ከዱባይ የመጣ ከሆነ ከዐረብኛው ጎን እንግሊዝኛም አይጠፋውም። ካካዎ፣ የካካዎ ቅቤ፣ ስኳር፣ ቫኒላ ብቻ የሚል ከሆነ የጾም ነው። የካካዎ ቅቤ ስሙ ቅቤ ቢሆንም ከፍሬው የተጨመቀ ስብ ነው፤ ሌሲቲን የሚለውም ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ የሚገኝ ነው። የወተት ዱቄት፣ የወተት ስብ ወይም የአይብ ውኃ የሚል ካለ ግን ፍስክ ነው፤ «ጥቁር» ተብለው ከሚሸጡት መካከል የወተት ስብ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በአንድ ማሽን የወተት ቸኮሌትም ስለሚሠራ፣ ወተት ለማይስማማቸው ሰዎች ነው። ይህ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እተዋለሁ። እዚያው ዝርዝር ላይ ሳሉ ሁለት ነገር ይዩልኝ፦ መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ነው ወይስ ካካዎ? ሁልጊዜ የሚበዛው ነው የሚቀድመው። በአልካሊ የታጠበ የሚል ወይም ኢ 501 የሚል ቁጥርስ አለ? ካለ ፍላቫኖሉን ይርሱት። ሻንጣ ውስጥ ቀልጦ እንደገና የረጋ ቸኮሌት ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ላይ የወጣ ስብ ነው እንጂ ሻጋታ አይደለም፤ አይጎዳም።

ካፌይኑ አያስጨንቅዎ፤ ሁለት ቁራጭ ውስጥ ያለው ከአንድ ሲኒ ቡና በብዙ ያንሳል። እንቅልፍ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ግን ማታ አይብሉት። ቃር ያለበት ሰው ይብስበታል፤ ማይግሬን ያለበት አንዳንዱ ሰው ይነሣበታል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየምና ፎስፈረሱ ስለሚከብደው፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበትም ኦክሳሌቱ ስለሚያስቸግረው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይብላ። የተረፈውን ለውሻ አይስጡ፤ ቲዮብሮሚን የሚባለው ውሁድ ውሻን ይመርዛል፣ ጥቁሩ ሲሆን በተለይ።

ጥያቄዎን ሳነብ ከቸኮሌቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ የእግርዎ እብጠት ነው። እንደሚመስለኝ ክኒኑን እንዲጥሉ ያደረገዎት ቪዲዮው ሳይሆን ጫማው ነው። እብጠቱ የአምሎዲፒን የታወቀ ጠባይ ነው። መድኃኒቱ ደም የሚያመጡትን ቧንቧዎች ያሰፋል፣ የሚመልሱትን ግን በዚያው ልክ አያሰፋም፤ ስለዚህ ውኃው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይሰርጋል። አደገኛ አይደለም፣ ግን ያሰለቻል፤ መፍትሔም አለው። ሐኪምዎ መጠኑን ወደ 2.5 ዝቅ አድርገው እንደ ኢናላፕሪል ያለ ሌላ መድኃኒት ሊያክሉበት ይችላሉ፤ ይህ ሁለተኛው የሚመልሱትን ቧንቧዎችም ስለሚያሰፋ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ወይም ጭራሹን በሌላ ይቀይሩታል። ከዚያ በፊት ግን የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ያስፈልጋል፤ እብጠት ከልብ፣ ከኩላሊት ወይም ከጉበትም ሊመጣ ስለሚችል መታየት አለበት። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ይሂዱ። ለሐኪምዎ «እግሬን ያሳብጠኛል» ብሎ መናገር ውለታ ቢስነት አይደለም። ብዙ ታካሚዎቻችን ሐኪሙን ላለማስከፋት ዝም ይሉና ቤታቸው ክኒኑን ይጥሉታል።

እንግዲህ ምክሬ፦ ክኒኑ ይቀጥል፣ በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ቸኮሌቱን ከወደዱት መቶ ግራሙ አሥር ቁራጭ ከሆነ ሁለቱን፣ ማለትም 20 ግራም፣ ከምግብ በኋላ፣ በሳምንት ከአራት ቀን ባልበለጠ ይብሉ፤ በኬክና በከረሜላ ምትክ እንጂ በላያቸው ላይ አይሁን። በዚህ መጠን ካድሚየሙም ካሎሪውም አያሠጋም። ሲያልቅ ሌላ ዓይነት ያምጡ፤ የምዕራብ አፍሪካ ፍሬ፣ የጋና ወይም የኮትዲቯር፣ በካድሚየም በኩል ይሻላል። ምሬቱን የማይወዱት ከሆነ ግን ለጤና ብለው አይሠቃዩ። ቸኮሌት ያልለመደን ሰው አስጀምሬ አላውቅም፤ የሚያስጀምር ማስረጃም የለም።

ግፊትዎን በምግብ ማውረድ ከፈለጉ ትልቁ ትርፍ ያለው ጨው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። እኛ ቤት ጨው በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፤ ከዚያ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፣ የሾርባ ኩቡን ሳልቆጥር። ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ቀጣዩን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው እንዲያስፈጩ ያድርጉ። አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፣ ስቡ የቀነሰ አመጋገብ በ1997 ሲሞከር ግፊት ባለባቸው ሰዎች የላይኛውን 11 ያህል አውርዷል፤ ከካካዎው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጎመኑ፣ ምስሩና ቀይ ሥሩ በዘይት ካልተጥለቀለቁ የጾም በያይነታችን ከዚህ ብዙም አይርቅም።

መለኪያ ካለዎት ሐኪምዎ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ጠዋትና ማታ ይለኩ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፤ ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና ሳይጠጡ። ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ከነቀኑ ይጻፉና ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ ክኒን ያልወሰዱባቸውን ቀናትም ሳይደብቁ ምልክት ያድርጉባቸው። ቁጥሩ 180 በ120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ አብሮት ከመጣ ቀጠሮውን ትተው ቅርብ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።